የሚስተር ታይገር ማዶ

ታይገር የሚባል በሽተኛ ደርሶሻል ሲሉኝ ሳቅሁ። "ምነው፣ ይነክሳል ወይ?" አልኳት ፍቅርተን። ፍቅርተ የፎቁ ነርስ ናት፤ በቤተክርስቲያን እህቴ፣ በሥራ አለቃዬ። እኔ ሲኤንኤ ነኝ። ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ከዚያ ያደረግኩትን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ቻርት ማድረግ ነው። ጆርጂያ፣ ስማይርና ባለው በዚያ የአረጋውያን ቤት አስራ ሁለት ዓመት ስሠራ የሚሳደብ ሽማግሌ አይቻለሁ፣ የሚማታም አይቻለሁ፤ ነብር ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ገብቼ ሳያቸው ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። ረዥም ሰውዬ፣ አጥንታቸው ብቻ የቀረ፣ ነጭ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ የተኛ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። ወረቀታቸው ላይ "ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ" ተብሎ ተጽፏል፤ ከአፋቸው ግን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አይወጣም። ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚሉት። ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ "ኦይዋ... ኦይዋ..." ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ማዶ" ይላሉ።

መጀመሪያ ስሰማው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሰውዬው ኦክላሆማ የተወለዱ ቀይ ህንድ ናቸው ብላኛለች ፍቅርተ፤ አማርኛ ከየት ይመጣል? ማዶ ደግሞ እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በእኛ ጸሎት ቤት ማዶ ከተባለ የዮርዳኖስ ማዶ ነው፤ ተሻግሮ ማረፍ ነው። እኔ ራሴ በየማለዳው ከቡፎርድ ሃይዌይ ተነስቼ፣ በ285 አውራ ጎዳና የቻታሁቺን ወንዝ ተሻግሬ ነው ሥራ የምገባው። እሱን ግን ማዶ ብዬው አላውቅም፤ ትራፊክ ነው የምለው።

"እኚህ ሰው አገራቸውን እያዩ ነው" አልኳት ፍቅርተን።

"የትኛውን አገር?"

"የላይኛውን ነዋ!"

እሷም አመነች። "ኦይዋ" የሚሉትን ደግሞ ሁለታችንም ወዮታ ነው አልን፤ ሲቃ፣ የሕመም። ለዶክተሩ ተደወለ፣ ማስታገሻ ታዘዘ። ማስታገሻው አደንዝዞ ያስተኛቸዋል፤ ሲነቁ ያው "ኦይዋ" ነው፤ እንደገና ይሰጣቸዋል።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ስትሮክ የመታው ሰው ቀጭን ውሃ ትን እንዳይለው ስለሚፈራ፣ የሚጠጣው ሁሉ በዱቄት ይወፍራል። ዱቄቱን ቲክነር እንለዋለን። ሲበጠበጥ አጥሚት ይመስላል፤ የአጥሚት ወግ ግን የለውም፣ እኔ ቀምሼው ምላሴን በመሐረብ ነው የጠረግኩት። ሚስተር ታይገር ማንኪያውን ሳቀርብላቸው ከንፈራቸውን ግጥም ያደርጋሉ። ሲደክማቸው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይወስዱና ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔም ሄጄ "ፈሳሽ ሪፊውዝ አድርገዋል" ብዬ ቻርት አደርጋለሁ። በየቀኑ፣ በገዛ እጄ። አልበላም አልጠጣም ያለ፣ ማዶ ማዶ የሚል የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ምን ይባላል? ሊሄዱ ነው ተባለ።

እሁድ ቤተክርስቲያን ምስክርነት ያለው ሲባል ተነሳሁ። ማን አስነሳኝ? ማንም። ቋንቋችንን የማያውቁ አዛውንት በሞት አፋፍ ላይ ሆነው በአማርኛ ማዶ ይላሉ ብዬ ተናገርኩ። ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው። ሽማግሌያችን ጋሽ ወንዳፍራሽ እጄን ይዘው፣ "እህት ዘነበወርቅ፣ ጌታ አንቺ እንድትሰሚ ብሎ ነው በአማርኛ ያናገራቸው" አሉኝ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ኮራሁ። እስከ ፓርኪንጉ ድረስ ሰው እየሳመኝ ነው የወጣሁት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

ሰኞ ፍቅርተ ነገረችኝ። "ሆስፒስ ሊገቡ ነው። ልጃቸው ሐሙስ ከኦክላሆማ መጥታ ትፈርማለች።"

ሆስፒስ ማለት፣ ለማያውቅ፣ ከእንግዲህ ለማዳን አንደክምም ማለት ነው። ምርመራ የለም፣ ቴራፒ የለም፤ ሳይሰቃዩ እንዲሄዱ ማስታገሻው ይጨመራል። ጥሩ ነገር ነው፣ ለሚሞት ሰው። እኔም ለሚሞት ሰው ነው ብዬ ልቤ አርፎ ነበር፣ እስከ ረቡዕ።

ረቡዕ ጠዋት ፀሐይዋ በመጋረጃው ቀዳዳ ገብታ ዓይናቸው ላይ አርፋ አገኘኋት። ሄጄ መጋረጃውን ሳብ አደረግኩ።

"ማዶ" አሉ።

እንዴ! ሞት መጋረጃ ሲዘጋ ነው እንዴ የሚታየው? ቆሜ አሰብኩ። ትናንት ትራሳቸውን ሳስተካክል ነበር ማዶ ያሉት። ከትናንት ወዲያ እግራቸውን ቅባት ስቀባ። እስቲ ብዬ ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ገለጥኩና ዝም ብዬ ቆምኩ። ምንም የለም። መልሼ አለበስኳቸው።

"ማዶ" አሉ፣ በአፋቸው ግራ ጎን ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

ጉድ ፈላ! አንድ ነገር ተደርጎለት፣ ዓይን ዓይን አይቶ፣ ቀስ ብሎ ሰው የሚለው ቃል በየትም አገር አንድ ነው። እኔ ቤት ውስጥ በእናት በአባቴ ቋንቋ "ጋላታይስ" ሲባል ነው ያደግኩት፤ ቃሉን ባታውቀው እንኳ ፊቱን ታውቀዋለህ። ሮጬ ፍቅርተን ከመድኃኒት ጋሪዋ ጎትቼ አመጣኋት።

"እያመሰገኑን ነው" አልኳት። "ሌላ ቋንቋ ነው። ያባታቸው ቋንቋ መሆን አለበት።"

"ዘነቡ፣ ቤተክርስቲያን ሙሉ ሰው ፊት መስክረሽ አሁን ልትመልሺው ነው?"

"ቃሌን ልበላ ነው። ምን ላድርግ?"

ፍቅርተ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። ጎበዝ ነርስ ናት። "እሺ፣ ማዶ ምስጋና ከሆነ ኦይዋስ ወዮታ ላይሆን ነው" አለች። እሳቸው ደግሞ የጠራናቸው ይመስል "ኦይዋ" አሉ። ፍቅርተ ወደ እኔ ዞራ፣ "ምን እያሉ ነው?" አለችኝ።

ይህችን ጥያቄ ከፍቅርተ በፊት አንዲት ሌላ ነርስ ጠይቃኛለች። እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፤ ሶዶ አጠገብ ነው የተወለድኩት። ትምህርት ቤት በቋንቋችን ስናወራ ከተያዝን መምህሩ ጣታችንን በማስመሪያ ይመቱን ነበር። ስሜንም የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ "የቤት ስምሽ ለመዝገብ አይመችም" ብለው ዘነበወርቅ ብለው ጻፉኝ። በፊተኛው ስሜ የሚጠራኝ አባቴ ብቻ ነበር። አስራ አንድ ዓመቴ ላይ አባቴ ታሞ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ተኛ። እናቴ ትንንሾቹን ጥላ መምጣት ስላልቻለች አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ። አባቴ አማርኛ አያውቅም። በትኩሳት እየነደደ "ሃታ... ሃታ..." ይላል። አጠገቡ የተኛ አንድ ሰውዬ፣ "እኚህ ሰውዬ ዛሬ ነው እንዴ ፊደል የጀመሩት? ሀ ብለው ታ ደረሱ!" አለ፤ ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ፣ "የኔ ልጅ፣ ምን እያለ ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

አውቅ ነበር። አባቴ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ለባሌ እንኳ ነግሬው አላውቅም፤ ለእናንተም ቆዩኝ፣ እደርስበታለሁ።

ለፍቅርተም "አላውቅም" አልኳት። የዛሬው እውነት ነበር። "ግን ልጃቸው ሳትፈርም ማወቅ አለብን" አልኳት።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ልጃቸው ሊንዳ መጣች። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ ሴት ናት። ስብሰባ ክፍል ገብተው ወረቀቱን ዘረጉላት። እኔን ማን ይጠራኛል? ሲኤንኤ ስብሰባ አይገባም። ውሃና ብርጭቆ ትሪ ላይ ደርድሬ አስተናጋጅ መስዬ ገባሁ። ፍቅርተ አየችኝና አንገቷን ደፋች፤ መሳቋን ለመደበቅ ነው።

"ሊንዳ፣ ይቅርታ፣ አባትሽን የማጥባቸው እኔ ነኝ። ማዶ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?"

ሊንዳ ግራ ገባት። "አባቴ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የለውም።"

"አንድ ቀንም ሲናገሩ አልሰማሽም?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ልጅ ሆኜ አስተምረኝ ብዬው ነበር። ያ ቋንቋ ሞቷል አለኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።"

"አልሞተም" አልኳት። "አስራ ሁለት ቁጥር ክፍል ተኝቶ እየተጣራ ነው።"

ሥራ አስኪያጇ ገላመጠችኝ። ሊንዳ ግን ተነስታ ነበር። ኦክላሆማ፣ ኦክመልጊ የሚባል ከተማ፣ ሉዊዝ የምትባል የአባቷ ታናሽ እህት አለች፤ ቋንቋውን የምታውቅ እሷ ናት። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን የሚስተር ታይገር ጆሮ አጠገብ አስቀመጥነው። መጀመሪያ የአሮጊት ሳል ተሰማ። ከዚያ ሚስ ሉዊዝ በቋንቋዋ ወንድሟን ጠራችው፤ በየትኛው ስም እንደጠራችው አላውቅም፣ ታይገር ግን አይደለም።

ዓይናቸው ተከፈተ። አስር ቀን ስንከባከባቸው እንዲህ ተከፍቶ አላየሁትም። ግራ እጃቸው አልጋው ላይ ስልኩን ፈለገች። ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኖ ወጣ።

"ምን እያለ ነው?" አለች ሚስ ሉዊዝ በእንግሊዝኛ። "ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። ሊንዳ፣ ምን እያለ ነው?"

ሊንዳ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። "አክስቴ፣ እኔ... አላውቅም" አለች። እንባዋ ወረደ። የገዛ አባቷን ቃል ምላሷ ሊደግመው አልቻለም።

ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ዝም እላለሁ? ጎንበስ አልኩና ስልኩ ላይ ጮህኩ። "ኦይዋ! ኦይዋ ነው የሚሉት፣ እማማ!" ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆመ። ይስማ! እንደገና ጮህኩ፣ "ኦይዋ!"

ይሄኔ ሚስ ሉዊዝ ሰማችኝ። "ውሃ ነው የሚላችሁ" አለች። "ውሃ። ወንድሜን ውሃ ከለከላችሁት?"

ፍቅርተ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። እኔ "ሪፊውዝ አድርገዋል" ብዬ የጻፍኩት ሁሉ ፊቴ ላይ ተደረደረ። አስር ቀን ውሃ የለመነን ሰው፣ እኛ ማደንዘዣ እየሰጠን፣ እኔ ደግሞ ቤተክርስቲያን ቆሜ እልል እያስባልኩባቸው!

"ማዶስ?" አልኩ ቀስ ብዬ።

"አመሰግናለሁ ነዋ። ስድስት ዓመቱ ላይ ነው የወሰዱት፣ የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት" አለች፣ ሳንጠይቃት። "በእኛ ቋንቋ ሲናገር አፉን በሳሙና ያጥቡት ነበር። ክረምት ቤት ሲመጣ እናታችን ስታናግረው በእንግሊዝኛ መለሰላት፤ እሷ እንግሊዝኛ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ እኔ እንኳ በእኛ ስጠራው በእነሱ ነው የሚመልስልኝ። ሰባ ስምንት ዓመት። ለካ አልጣለውም።"

እኔን ሳሙና አላስፈለገኝም፤ ሳቅ በቃኝ። ይህን ግን ለማንም አላልኩም።

ሚስ ሉዊዝ ወሬ ከጀመረች አታቆምም፣ አልጠላኋትም። ወደ ጆርጂያ የመጡት ለሥራ ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት ሳቀች፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው አለች። አያታቸው ከአያቷ የሰማችውን ትነግራቸው ነበር አሉ፦ ቤታችን ቻታሁቺ ዳር ነበር፣ ወታደር መጥቶ ከነልጆቻችን ነቅሎ ከትልቁ ወንዝ ወዲያ ወስዶ ጣለን። "ቻታሁቺ የእኛ ቃል ነው፤ ምልክት ያለበት ድንጋይ ማለት ነው። ወንድሜ ስሙን ሊያየው ነው የሄደው" አለች። ለካ በየማለዳው እየተራገምኩ የማቋርጠው ወንዝ የሰዎች ቃል ነው! ስሙን አስቀርተው ባለቤቶቹን አባረሩ። አይ የሰው ልጅ! ቀይ ህንዶች ልል ጀምሬ ነበር፣ "ሙስኮጊ ነን" አለችኝ። አፈርኩ። እኛንም በማንወደው ስም ይጠሩን እንደነበር እኔ እያወቅኩ።

ፍቅርተ ያን ጊዜ ወጥታ ስልክ ላይ ነበረች። የመዋጥ ፈተና የምትሰጠዋን ስፒች ቴራፒስት ከሌላ ፎቅ ጠርታ አመጣቻት። የመጀመሪያው ፈተና የተደረገው ገና ከሆስፒታል እንደመጡ፣ እንደፈዘዙ ነበር፤ ለዚያ ነው የወደቁት። አሁን ቀና አድርገን አስቀመጥናቸው። ቴራፒስቷ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ፣ ንጹህ፣ ዱቄት ያልነካው፣ ምላሳቸው ላይ አፈሰሰች። ጉሮሯቸውን በጣቷ ይዛ ጠበቀች። እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ዋጡ። አላሳላቸውም። ሌላ ማንኪያ። ዋጡ።

"በማንኪያ፣ ቀስ እየተባለ፣ ተቀምጠው፣ ይችላሉ" አለች።

ሊንዳ ያልፈረመችበትን ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማንኪያውን ለእሷ ሰጠኋት። ሦስተኛውን ያጠጣቻቸው እሷ ናት። "ማዶ" አሏት። እሷም እየተንተባተበች "ማዶ፣ አባዬ" አለች፤ አመሰግናለሁ ተብሎ አመሰግናለሁ አይመለስም ብዬ ላርማት አልፈለግኩም።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖሩ። ሚስ ሉዊዝ በየቀኑ ከሰዓት ትደውል ነበር። እኔም እሁድ ቆሜ ምስክርነቴን መለስኩ፤ "ማዶ ያልኳችሁ ማዶ አልነበረም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አልኩ። እልልታ የለ፣ ምን የለ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ብቻ ወደ በሩ ስወጣ ጠብቀው፣ "ልጄ፣ የዛሬው ይበልጣል" አሉኝ። "እግዚአብሔር ያክብርዎት" አልኳቸው።

ይሄ ሁሉ በኋላ ነው። የዚያን ሐሙስ ዕለት ግን፣ ሊንዳን አባቷ ዘንድ ትቼ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ፍቅርተ ፈልጋ አገኘችኝ።

"ምን ሆነሻል አንቺ? ሰውዬው ጠጡ እኮ!"

"አባቴ ሃታ ነበር የሚለው" አልኳት።

"ሃታ ምንድን ነው?"

"ውሃ።"

አጠገቤ አንሶላው ላይ ቁጭ አለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳቁን፣ ነርሷን፣ አላውቅም ማለቴን። "ባልዲው ከነኩባያው በሩ አጠገብ ነበር" አልኳት። "አስር እርምጃ አይሆንም። ሄጄ ባመጣለት፣ የሚለው ገብቷት ነው ለካ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሦስት ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነው የሞተው፣ ፍቅርተ።"

ፍቅርተ እጄን ያዘች። እንዲያ ሆነን ስንቆይ ሊንዳ በኮሪደሩ ስልክ እያወራች ስታልፍ ሰማናት። ትንሽ ቆይቶ ከአስራ ሁለት ቁጥር ያ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ኦይዋ..."

ፍቅርተ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዤ መለስኳት።

"ተይ፣ እኔ ሰምቻለሁ" አልኳት። ፊቴን በቀሚሴ ጠርጌ፣ ብርጭቆና የሻይ ማንኪያ ይዤ ገባሁ።